ደሞዝተኛው ነቃ

«ቤት ይሮጣል፣ ቢሮ ይተኛል።»

ሴትዮዋ ስለ ላፕቶፗ የነገረችኝ ይቺን ብቻ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለችው ላፕቶፕ መጠገኛ ሱቄ ገብታ፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ በአራት ቃል ጨረሰችው። አሁን ሳስበው በሽታውን ነግራኝ ነበር። የቀረኝ መስማት ብቻ ነው።

እኔ ግን ምን አልኩ? «ታዲያ ደሞዝተኛ ነዋ!»

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች። ቀልዴ በጣም ስለጣመኝ ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ደገምኩት።

የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ቢሮዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ነው፣ ቤቷ ሳቢያን። በዕድሜ እናቴን ታህላለች፤ ድሬ ነውና ግን «አንቺ» ነው የምላት። «እርስዎ» ብላት «ምን አጠፋሁ?» ነው የምትለኝ። ላፕቶፗ ዴል ላቲቲዩድ ኢ5470 ነው። እኔ የምወደው ማሽን ነው፤ ለመፍታት ቀላል፣ ለመሞት ከባድ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ከፍታበት ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው።

ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ለድሬ ሰው አልነግርም፣ ለሌላው ብነግረውም አያምነኝም። በዚያ ወር «ቀረፈፈ» ተብሎ የሚመጣ ላፕቶፕ ሁሉ ለእኔ ሙቀት ነው። ፋኑ አቧራ ጠጥቷል፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ፔስቱ፣ ደርቋል፣ ማሽኑ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያው ሳምንት አንዱ «በርጫ ላይ ብቻ ይጠፋብኛል» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። ሰይጣን ገብቶበታል ሊለኝ ምንም አልቀረው። ለካ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ያስቀምጠዋል። አየር የሚስብበት ቀዳዳ በሆዱ በኩል ነው፤ ፍራሹ ይደፍነዋል፣ ይግላል፣ ይጠፋል። ሳልፈታው ነው የነገርኩት። ሰውዬው እጄን ሊስም ደረሰ። እሷ የመጣችው እንግዲህ እኔ በዚህ ኩራት ላይ እያለሁ ነው።

ፈታሁት። ፋኑ እውነትም አቧራ ነበረው፣ አጸዳሁት። ፔስቱንም ቀየርኩ። ሃርድ ዲስኩ ያ የድሮው የሚሽከረከረው ነው፣ 500 ጊጋ። ራሙ 4 ጊጋ። እዚህ ላይ ዓይኔ በራ። ዳታዋን ገልብጬ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ፣ አስገባሁላት። ባዶውን የራም ቦታ ላይ ሌላ 4 ጊጋ ጨመርኩ። ዋጋውን ነገርኳት፣ ሳትከራከር ከፈለች። ለዚህ ሥራ ዛሬም ይቅርታ አልጠይቅም። ማንም ሠሪ ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ማሽኑም ያስፈልገው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ስከፍተው በረረ። እሷ መነጽሯን ከቦርሳ እስክታወጣ ዊንዶውሱ ተነስቶ ጠበቃት።

የሰካሁት ግን በራሴ ቻርጀር ነው። ኦርጅናል፣ 90 ዋት፣ ለማንም የማላውሰው። የእሷ ቢሮ ቀርቷል። ደንበኛ ቻርጀር ይዞ አይመጣም፣ እኛም አምጣ አንልም።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች።

«ያው ነው» አለች።

«ያው ማለት?»

«ቤት ይሮጣል፣ ቢሮ ይተኛል።»

ቃሉን እንኳ አልቀየረችውም። እኔ ደግሞ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ቫይረስ አወራሁ። ስለ ቢሮው ኔትወርክ አወራሁ። ዞሬ ዞሬ ያው ሙቀቱ ላይ አረፍኩ። የእናንተ ቢሮ ቆርቆሮ ይሆናል፣ አየር የለውም፣ ማሽኑ እዚያ ሲገባ ይታፈናል አልኳት። ቢሮዋን አይቼው አላውቅም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ቤቴም እኮ ድሬ ነው» አለች።

መልስ አልነበረኝም። መልስ የጠፋው ቴክኒሻን ምን ያደርጋል? መልቲሜትር ያነሳል። በዚያ ቀን ቻርጀሩን ይዛ መጥታ ነበር። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የገዛችው ነው። ላዩ ላይ ዴል ይላል፤ ጽሑፉ ትንሽ ጠመም ብሏል። ለካሁት። 19.5 ቮልት፣ ንቅንቅ የለም። «ቻርጀሩ ጤነኛ ነው» ብዬ ፈረድኩና ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑን በራሴው ቻርጀር ሰካሁት፣ በረረ። «ይኸው!» አልኳት። ለማንኛውም ብዬ ዊንዶውሱን እንደገና ጭኜ በነጻ ሸኘኋት። በነጻ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነው የነገርኳት።

ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም። ደወለች። የወሩን ቫት ለማሳወቅ ሁለት ቀን ቀርቷታል። «አሁንስ አንተው ና» አለች።

10 ሰዓት ገደማ በባጃጅ ሄድኩ። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ያብረቀርቃል። ቢሮው ቆርቆሮ አልነበረም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም የድሮ ግንብ ቤት ነው። ከላይ ፋን ይሽከረከራል። ከእኔ ሱቅ በጣም ይቀዘቅዛል። ይሄንን ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

ላፕቶፑ ተኝቷል። ውሸት የለውም። አንድ ደረሰኝ እስኪመዘገብ ቡና ይፈላል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ 0.79 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸንክሯል። መነሻው 2.4 የሆነ ፕሮሰሰር! የሙቀት መጠኑን አየሁ፣ ምንም አልጋለም። የባትሪው ምልክት ላይ «ተሰክቷል፣ ቻርጅ አያደርግም» ይላል፣ 96 ከመቶ። ሊሞላ ምን ቀረው ብዬ ናቅኩት። ያልጋለ ፕሮሰሰር ለምን ይተኛል? አንገቴን ደፍቼ ይሄን ሳሰላስል መብራት ሄደ።

ጣሪያው ላይ ያለው ፋን ቀስ እያለ ቆመ። ከጎን ካለው ክፍል «ኡፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፊቴ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ከ0.79 ወደ 2.8 ዘለለ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ መስኮቶች ተከታትለው ተከፈቱ። ፒችትሪው ነቃ። ያ ደረሰኝ ተመዘገበ።

መብራት ሲሄድ የሚፈጥን ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም። እኛ የምናውቀው ተቃራኒውን ነው፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ነው ቀስ የሚለው።

ቀና ስል እያየችኝ ነው። አልተቆጣችም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ የመጀመሪያው ቀን ፈገግ ባለችው ፈገግታ፣ «ደሞዝተኛው ነቃ» አለች።

አቦ!

እኔ እኮ ረስቼዋለሁ። ለሚስቴ ደግሜ የሳቅኩበት ቀልድ ከጭንቅላቴ ወጥቷል። እሷ ግን ይዛው ቆይታለች። ሁለት ጊዜ ሱቄ ስትመላለስ፣ ስለ ቫይረስ ስሰብክላት፣ በነጻ ነው እያልኩ ስሸኛት፣ ያ ቃል ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሂሳብ ሠራተኛ አይደለች? ያልተዘጋ ነገር አይጠፋባትም። ጆሮዬ ጋለ። ይሄኛው በግንቦት የሚሳበብ አልነበረም።

መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ቁጥሩ ወዲያው 0.79 ሆነ። ነቀልኩት፣ ሮጠ። ሰካሁት፣ ተኛ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳገኘ ሕፃን ሆንኩ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ «አሁን አመንክ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዴል ቻርጀር ጫፉ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በውጪውና በውስጠኛው ቀለበት ነው። መርፌዋ የምታሳልፈው ወሬ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ትንሽ ቺፕ ተቀብላ «እኔ የዴል ነኝ፣ ይህን ያህል ዋት እችላለሁ» የሚለውን ለማዘርቦርዱ ታደርሳለች። ወሬው ካልደረሰ ማሽኑ ቻርጀሩን አያምነውም። ኤሌክትሪኩን ይወስዳል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ያልታወቀውን ቻርጀር ከአቅሙ በላይ እንዳይጎትተው ብሎም ፕሮሰሰሩን አንቆ ይይዘዋል። 19.5 ቮልቱ ልክ ነበር። መልቲሜትሬ አልዋሸም፤ ስለ ቮልት ጠየቅኩት፣ ስለ ቮልት መለሰልኝ።

ቤቷ የምትሰካው በልጇ ኦርጅናል ቻርጀር ነው። ባትሪው ማታ እዚያ ይሞላል። ቢሮ ተሰክቶ ስለሚውል አይወርድም። ስለዚህ «ባትሪዬ አይሞላም» ብላ አላማረረችም። ብታማርር ኖሮ በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። እንዲህ ያለ ቻርጀር ሲሰካ ዴል ዝም አይልም። ገና ሲነሳ የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም ብሎ ይጽፋል፤ ቁልፍ ካልተጫኑለት አይቀጥልም። የእሷ ይሄን አልጻፈም። ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ነው። የቻርጀር ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል። በራሱ አይጠፋም፣ ሰው ነው የሚያጠፋው።

«ማነው ይሄን የነካው?» አልኳት። ድምፄ ላይ ትንሽ ደስታ ሳይኖር አይቀርም።

«ያ ልጅ ነዋ፣ ቀይ ሰሌዳ ያለው። ጠዋት ጠዋት አንድ ጽሑፍ እየመጣ ያስቸግረኝ ነበር። አጠፋልኝ።»

ቀይ ሰሌዳ ያለው ሱቅ ከእኔ ፊት ለፊት ነው። ስሙን አልጠራም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ደንበኛ ይወደዋል። ግን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ጥገና አይደለም። የሚጮህ ውሻ አፉን አስሮ «ሌባው ሄዷል፣ ተኙ» ማለት ነው። ይሄንን ሁሉ እዚያው ነገርኳት፤ ረዘም አድርጌ፣ ከነምሳሌው።

«ማን አስተማረው ታዲያ?» አለችኝ።

ልጁ ሁለት ዓመት እኔ ጋ ነው የሠራው። ቻርጀር መግዣ የሌለው ተማሪ ሲመጣ፣ ባዮስ ገብቶ ያችን ምልክት ለማንሳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«እንጃ» አልኳት።

ከሱቄ ያገለገለ ኦርጅናል 65 ዋት አመጣሁላት፣ በገዛሁበት ዋጋ። ማስጠንቀቂያውን መልሼ አበራሁት። ቫቷን በጊዜው አሳወቀች። እኔም ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «ቻርጀርህስ?» ነው የምለው። የሚሉኝንም ቃል በቃል ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። በቀደም አንዱ «አማቴ ሲመጡ ይጠፋል» አለኝ። አልሳቅኩም፣ ጻፍኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ምንም አላገኘሁም።

ጥቅምት ላይ ደወለች።

«ያ ጽሑፍ እንደገና መጣ» አለች።

ልጇ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት የራሱን ቻርጀር ይዞ ሐረማያ ገብቷል። እኔ የሸጥኩላትን ቤት አድርጋዋለች። ቢሮ ያው የታይዋኑ ተመልሷል።

«ማሽኑ ይተኛብሻል እኮ» አልኳት።

«መተኛቱን ለምጄዋለሁ። ጽሑፉን አጥፋልኝ።»

አላጠፋም አልኳት። ስለ መርፌዋ አስረዳኋት። ስለ ውሻው አስረዳኋት። ሌላ ቻርጀር እንዳለኝም ጠቆም አደረግኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «እሺ» ብላ ዘጋች።

በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ በሱቄ በር አለፈች። አልገባችም። ትንሽ ቆይታ ከፊት ለፊት ወጣች። ባጃጅ ልትይዝ ስትል አየችኝና ቆም አለች።

«አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም» አለች። «ብርም አልተቀበለኝም።»