ሁለት ፓኔል የበላ አመድ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ አፋር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ እኔ ሰመራ ነበርኩ። ሥራዬ በሶላር የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን መጠገን ነው። ጭሱና አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን አድርጎ ሕንድ ደረሰና እዚያ በረራ አሰረዘ። ለእኛ የመጣው ትእዛዝ ግን አጭር ነበር፦ «አፍዴራ በኩል አንድ ፓምፕ ውሃ መስጠት አቁሟል፣ ሂዱ።»

በሦስተኛው ቀን ደረስን። መሬቱም፣ ግራሩም፣ የፍየሎቹም ጀርባ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ሾፌራችን የላንድክሩዘሩን መስታወት ለማጥራት ዝናብ መጥረጊያውን ለቀቀው፤ ሁለቴ ሲመላለስ መስታወቱ ላይ ቅስት የሆነ ጭረት ቀረ። «ኢንጅነር፣ ጎማው አልቋል መሰለኝ» አለ። እኔም አልቋል ብዬ አለፍኩ።

ፓኔሎቹ አመድ ለብሰው ፀሐይ የሚባል አይደርሳቸውም። ሰው ጀሪካን ይዞ በተሰለፈበት ቦታ ፓኔል በውሃ ማጠብ አሳፈረኝ። ደረቅ ጨርቅ አውጥቼ በጉልበት ወለወልኩ። አመድ አይደል? እናቴ ድስት ስታሽበት ያደግኩበት ነገር ነው። ሁለተኛውን ጨርሼ ዞር ስል፣ በጎን የመታው ፀሐይ የመጀመሪያውን አሳየኝ፤ መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሏል።

ጂኦሎጂ ያጠናች የካምፓስ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«በደረቁ ጠረግከው?» አለችና ዝም አለች። ከዚያ፦ «ስሙ ነው ያሳሳተህ። እሱ እኮ ነዶ የቀረ ነገር አይደለም። የቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የታፈነው ጋዝ ሲፈነዳ ድንጋዩን ያደቀዋል። ጨርቅህ ላይ ያለው የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። በውሃ አውርደው እንጂ አትሸው።»

ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ከፓኔሉ የባሰ አስደነገጠኝ። «የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ነበረው?»

አልነበረውም። ሮቶው አፉን ከፍቶ ነው የሰነበተው። ይባስ ብሎ ከአንድ ሰዓት በፊት ለአንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ «አባባ፣ ይርጋና ከላይ ከላይ የጠራውን ቅዱ» ብያቸው ነበር።

አስረዳችኝ። እሳተ ገሞራ የሚተፋው ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ጋዝ የውሃ ተን ነው፣ ከእሱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጂን ክሎራይድና ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይወጣሉ። አሲዱና ጨዋጨው እዚያው ደመናው ውስጥ በአመዱ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ሲያገኝ ታጥቦ ወደ ውሃው ይገባል። ድንጋዩ ሲዘቅጥ ውሃው ይጠራል፤ የሟሟው ግን አይዘቅጥም። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው ስንጥቅ ስምንት ወር ሲተፋ፣ ፍሎራይድ ያረፈበትን ሣር የጋጡ በጎች አልቀው ረሀብ ተከተለ፤ ከሕዝቡም አንድ አምስተኛ ገደማው አለቀ። «እዚያም እንዲህ ይሆናል አላልኩም» አለች፣ «ሳይለካ አይጠጣ ነው ያልኩት።» የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ፤ ፍሎራይድ ጥርስ እንዴት እንደሚያበልዝ ለእኔ አይነገረኝም።

የተናገሩትን እዚያው ማንሳት ከባድ ነው። ሽማግሌው ሽርጣቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ ሰሙኝ። «ፍየሎቼ ሣሩን አሽትተው ይመለሳሉ» አሉ፣ «አንተ ሳታሸት ጠጡ አልከን።» አስተርጓሚው ሊያለዝበው ሞከረ፤ አልቻለም።

ናሙና ቀድተን ላክን። ሮቶውን ደፍተን አጠብን፣ ክዳን አበጀንለት፣ ውጤቱ እስኪመጣ ውሃ በቦቴ እንዲመጣ አስደረግን። የቀሩትን ፓኔሎች ከቦቴው በተቀዳ ውሃ አወረድናቸው። የመኪናው ፊልትሮ ሲራገፍ የወጣውን ባልናገር ይሻላል።

ለራሴ ጥቂት አመድ በብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ። ቤት ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው እናቴ ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ እኮ ይቧጭራል» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።