ባሕር ዳር ነባር ሰፈር ስትገቡ መጀመሪያ ቀን መቁጠር ልመዱ

ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወጥተን ባሕር ዳር የገባነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ደላላው የሚያሳየን አዳዲሶቹን ሰፈሮች ነበር። ግቢያቸው ሰፊ፣ ቤታቸው ፅድት ያለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደኛው መጤ። እኔ ግን ነባር ሰፈር ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጅ ይዞ ሰው ከሰው በማይተዋወቅበት ግቢ መኖሩ አዲስ አበባ ላይ በቅቶኛል። በመጨረሻ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰዉ እስካሁን በድሮው የቀበሌ ቁጥር የሚጠራው ሰፈር ውስጥ፣ ከአከራያችን ጋር ግቢ ተጋርተን ገባን። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኞች ናቸው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት አባቶቻቸው ገቡ፣ ኋላ እነሱ ተከተሉ፣ አሁን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አላፊ አግዳሚውን ይቆጣጠራሉ።

ወደዚህ የሚዛወር ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የት ነው ጥሩ የሚበላው?» ሐይቅ ዳር ያሉትን ቤቶች ማንም ያውቃቸዋል፣ እንግዳ ሲመጣ እኛም እዚያው ነን። ሰፈር ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ጥሩ የሚበላበት ቤት ብዙ ጊዜ ታፔላ የለውም። ስለዚህ «የት?» ከማለት «ዛሬ ምንድን ነው?» ማለት ያዋጣል። የሰፈሩ ሜኑ ቀን መቁጠሪያው ነው።

ከሳምንቱ ልጀምር። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የጾም ምግብ የሚጣፍጠው በጾም ቀን መሆኑን ነው። ሰዉ ሁሉ የጾም ስለሚበላ ወጡ አያድርም፣ እንጀራውም ከምጣድ እንደወረደ ያልቃል። ማክሰኞ ዕለት በየዓይነቱ ካዘዛችሁ ምን እንደሚመጣላችሁ እናንተው ገምቱ።

እኛ መንገድ ላይ አንዲት እናት ሳሎናቸው ውስጥ ምሳ ያበላሉ። ደንበኞቻቸው በኮንትራት የሚበሉ መምህራንና የባንክ ሠራተኞች ናቸው፣ ሂሳቡ ወር ሲደርስ ነው የሚከፈለው። ምልክቱ በሩ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃና ደጁ ላይ የተቀመጠ ባለቧንቧ ጀሪካን ብቻ ነው። ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ከገባችሁ ሽሮው በሸክላው እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ጎን ለጎኑ ቃሪያ ስንግ፣ ጎመን፣ ድንች፣ አንዳንዴ የሱፍ ፍትፍት። በሁዳዴ ደግሞ ስልጆ አለ። ስናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ሱፉ የሚያለዝበው፣ ሆቴል ውስጥ የማታገኙት ዓይነት። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እሳቸው ራሳቸው ምሳ ቀርቦላቸው ደረስኩ። «አማትሽ ትወድሻለች፣ ነይ ቁጭ በይ» ብለው ከራሳቸው ትሪ አበሉኝ። ሂሳብ ስል ተቆጡ። በሳምንቱ ተመልሼ በኮንትራት ተመዘገብኩ፣ ባለቤቴም እዚያው ነው ምሳ የሚበላው።

ምሳ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። ከተማዋ ካለፉት ዓመታት ወዲህ በጊዜ መግባት ለምዳለች። ውጭ መብላት ከፈለጋችሁ በቀን ብሉ። ማታ ሁሉም እቤቱ ነው።

አሳ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ነው የሚገዛው፣ ከጣና እንደወጣ። ሁለቱን ለዩ። ቆሮሶ ለጥብስ ነው፣ ሙሉውን ጎንና ጎኑ ተሰነጣጥቆ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ በሎሚና በዳጣ ይበላል። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽና ለወጥ ይሻላል፣ ሽታውን የማይወድ ግን ብዙ ነው። አጽድቶ ፊሌቶ አድርጎ የሚሰጥ ስላለ ቤት ውስጥ ቅርፊት ስታራግፉ አትዋሉ። በጾም ሰሞን አሳ ይወደዳል፣ ምክንያቱም «አሳ ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለው ክርክር ያላለቀ ቢሆንም የሚበላው ሰው ብዙ ነው። አከራያችን እትዬ ከማይነኩት ወገን ናቸው። ግቢ ስለምንጋራ ገና ስንገባ ጠየቅኳቸው። «እኔ አልበላም እንጂ አንቺን ምን አግዶሽ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። በጾም አሳ አልጠብስም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱም በጠዋት። የአዴት ጤፍ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የአዴት አይደለም፣ በእጅ ዘግኖ አይቶ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። በርበሬ በኅዳርና በጥር መካከል ነው የሚገዛው፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በኩል አዲሱ ሲገባ። የመራዊ አቮካዶ የቆጋ መስኖ ሲሳይ ነው፣ እሱን ማንም መርጦ መግዛት ይችላል። እኔ ከእትዬ ጋር ስሄድ ዋጋ የሚከራከሩት እሳቸው ናቸው፣ የእኔ ድርሻ ዘንቢል መያዝ ነው። አፌን የከፈትኩ እንደሆነ የአዲስ አበባ ዋጋ ይጠራልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የነገርኳችሁን የማን ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ላይ የሚለውን ሁሉ ያወቅኩት ልቅሶ ቤት ነው። አዎ፣ ልቅሶ ቤት። እንደገባን ቶሎ ካደረግኳቸው ነገሮች አንዱ እድር መመዝገብ ነበር። የመግቢያው ክፍያ ለአዲስ ሰው ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ሌሎች በብዙ ዓመት መዋጮ የገዙት ነው። ይገባቸዋል። ባለቤቴ «ዘመድ እንኳን እዚህ የለን፣ ምን ያደርግልናል» ብሎ ነበር። አሁን ከእኔ በላይ የእድር ሰው እሱ ነው።

ጡሩንባ ከተነፋ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ቀብር ደርሰው ሲመለሱ ጓሮ ያለው ሥራ ይጀመራል። ማንም «ነይ አግዢን» አይልም፣ ማንም ደግሞ «ተይው» አይልም። ቢላ አንስታችሁ ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ መቀመጥ ነው። አንዲት ሴት እንዴት እንደምከትፍ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየች። እኔ መክተፊያ ላይ አድርጌ ነው የምከትፈው፣ እነሱ ግን ሽንኩርቱን እጃቸው ላይ ይዘው ቢላውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው። ሳቀች፣ «የአዲስ አበባ ሽንኩርት ይተኛል እንዴ?» አለች፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ወሬው ለቀቀ። ቅቤ ከማን እንደሚገዛ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው የቷ እንደሆነች፣ የየትኛዋ ጠላ ጌሾው እንደሚበዛ፣ ማን በዱቤ እንደሚሸጥና ማን እንደማይሸጥ። በፊት ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያላገኘሁትን አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ከትፌ አገኘሁት።

በነጋታው ደግሞ እዝን አለ። ሁሉም ከየቤቱ ሠርቶ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይወስዳል። እዚያ ላይ የማን እጅ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። እኔ ምስር ወጥ ሠርቼ ወሰድኩ። ማንም ምንም አላለም፣ ግን ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። በቂዬ ነው።

ስለ ሰሃን ካነሳሁ አይቀር። ጎረቤት የላከላችሁን ሰሃን ባዶውን አትመልሱ። ግን በዚያው ቀን ሞልታችሁም አትመልሱ፣ ዕዳ የመክፈል ይመስላል። ጥቂት ቀን እቤት ይደር። እኛ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች ሙስሊሞች ናቸው፣ በረመዳን ማታ ማታ ለልጄ ሳምቡሳ ይልካሉ። የእነሱን ሰሃን የምመልሰው ፍራፍሬ ወይ ዳቦ አድርጌ ነው፣ ሥጋ ነክ የሆነ ነገር በሁለታችንም በኩል አይሻገርም፣ እና ይህ ማንንም አያስከፋም።

ቡናው በተራ ነው። እኛ ግቢ አካባቢ ሦስት ቤት እንፈራረቃለን። የዘጌ ቡና የሚያስመጣ ዘመድ ያላቸው አሉ፣ እነሱ ጋ ሲሆን ማንም አይቀርም። የቡና ቁርሱ ብዙ ጊዜ ቆሎ ወይ ቅቅል ድንች በአዋዜ ነው፣ ጎጃም ላይ ድንች የማይገባበት ቦታ የለም። ከአቦል በኋላ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው፣ እስከ በረካ መቆየት ደግሞ ሥራ ላለው ሰው አይሞከርም። እኔ ቶና ላይ ነው የምወጣው፣ እንደገባሁ ቀድሜ ስለምናገር። «ጠግቤያለሁ» የሚባለው ሰበብ አይሠራም፣ ጉርሻ ይጨምርባችኋል። «አሞኛል» ካላችሁ ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቃችሁ ይመጣል። የሚሠራው «ነገ እኔ ጋ ነው» ማለት ነው። ከዚያ ግን በእውነት ማፍላት አለባችሁ።

ቅርጫ። ይሄን ሳልተርክ አላልፍም። ለፋሲካ በሬውን የሚገዙት ጋሼ ናቸው፣ የእኛ ሰፈር የቅርጫ ዳኛ። ከሁዳዴ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ሌሊት ቅዳሴ ወጥተው በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ የሚደለደለው ጎህ ሲቀድ ነው። ቅጠል ይነጠፋል። ጎድኑ፣ ሽንጡ፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሻኛው ሳይቀር በእኩል ይቆራረጥና ከየመደቡ ላይ ይጣላል። ጋሼ ዞር ዞር እያሉ ከአንዱ ያነሱና ወደ አንዱ ይጨምራሉ፣ «ይቺ ቀጠነች» ይላሉ፣ ሚዛን የለም፣ ዓይናቸው ብቻ ነው። ከዚያ እጣ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕቃ ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ጠጠር፣ እኔ የፀጉር መያዣዬን። ፊቱን አዙሮ የቆመ ልጅ ተጠርቶ ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃችሁ ያረፈበት ላይ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም፣ አጥንት ቢበዛበትም «ፋሲካን በደስታ» ብሎ ይዞ መሄድ ነው። የእኔ መያዣ ጋሼ «ቀጠነች» ያሏት ላይ አረፈች። ባለቤቴ እስካሁን ይቀልድብኛል።

ቅርጫ መግባት ከፈለጋችሁ በዓሉ ሲቃረብ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ተናገሩ። የሰው ቁጥር ከሞላ ዳኛውም ቢሆኑ ማስገባት አይችሉም።

ጠላ ቤት የወንዶች ነገር ስለሆነ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ምልክቱ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ባለቤቴ ከጋሼ ጋር እሑድ ከሰዓት ይሄዳል። እዚያ ያለው ጨዋታ ከጠላው ይከብዳል ይላል። አገሩ ጎጃም ነው፣ የዋሸራና የዲማ የቅኔ አገር፣ ሙገሳ የመሰለው ነገር ቤት ደርሶ ሲታሰብ ስድብ ሆኖ ይገኛል። እሱ የያዘው ዘዴ ሁሉም ሲስቅ ዝም ብሎ መሳቅና ትርጉሙን መንገድ ላይ ጋሼን መጠየቅ ነው። ዳጉሳ ጠላ ቀለል ያለ ይመስላል፣ ሲነሱ ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ለአዲስ ሰው ቅራሪ ይሻላል።

ሁሉም ነገር ማር ነው አልልም። ድስቴ ውስጥ ምን እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል። ልጄ እራቱን ሌላ ቤት በልቶ ይመጣና የእኔ ይተርፋል። ሁለት ቀን ቡና ከቀራችሁ «ተቀየመች» ይባላል። ይህ የማይመቸው ሰው አዲሶቹ ሰፈሮች ይሻሉታል፣ እዚያም ሰው በደህና ይኖራል። ብቻውን የሚኖርና ሥራ የሚበዛበት ደግሞ ሁሉንም ካልያዝኩ ብሎ አይጨነቅ። ምሳውን በኮንትራት ይብላ፣ እድሩን ይክፈል፣ ቀብር አይቅር። ቡናውንና ቅርጫውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ሰሞኑን ደግሞ እትዬ በ21 የሚጠጣውን የማርያም ማኅበራቸውን እንድገባ እየወተወቱኝ ነው። አንዲት አባል ከከተማ ስለለቀቀች ቦታ ተገኝቷል። ተራ ሲደርስ ጠላውንም ዳቦውንም ማዘጋጀት አለብኝ፣ እኔ ደግሞ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ይህንን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «መጥመቁን ለእኔ ተይው» አሉ። «ጌሾውን ግን አንቺ ነሽ የምትወቅጪው፣ ሙቀጫው ጓሮ አለልሽ።»