የግራውንድ ኮንትሮል ልምምዳችን፦ ሪድባኩን ማን ሰማው?

ሽምብጥ አንድ ጓደኛችን ቤት የምናደርገው ልምምድ አሁን መልክ እየያዘ ነው። ለአዲሶቻችሁ ባጭሩ፦ አንዳችን መሬት ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን በሬዲዮ የሚመራ ተቆጣጣሪ እንሆናለን፣ ሌሎቻችን አብራሪ። ማኮብኮቢያውን ካርቶን ላይ ስለን የባሕር ዳሩን ቁጥር 04/22 ሰጥተነዋል። ታክሲዌዮቹ (ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስዱት መንገዶች) ግን ለልምምድ ያህል እኛው የፈጠርናቸው ናቸው። አውሮፕላኖቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

ሰሞኑን ሪድባክ (ትእዛዝን መልሶ መድገም) ላይ ነን። ተቆጣጣሪው ያዛል፣ አብራሪው ይደግማል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ የተደገመውን ያዳምጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ባለፈው አንዱን ልጅ ሆን ብሎ አጉድሎ እንዲደግም ነገርነው። ተቆጣጣሪዋ «ታክሲ ቪያ አልፋ፣ ሆልድ ሾርት ረንዌይ ቱ ቱ» (በአልፋ መንገድ ሂድ፣ ማኮብኮቢያ 22 ሳትገባ ቁም) አለችው። እሱም ጥርት ባለ ድምፅ «ታክሲ ቪያ አልፋ፣ ረንዌይ ቱ ቱ» ብሎ መለሰ። «ሆልድ ሾርት» የለችም። እሷ ግን ዓይኗ ቀጣዩ ቆርኪ ላይ ነበር፣ አለፈችው። ልጁ ቆርኪውን እየገፋ ማኮብኮቢያው መሀል ገባ። በሌላኛው ጫፍ ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን ነበር።

ከመካከላችን ጎበዟ እሷ ናት። ችግሩ የስንፍና አይደለም። የተናገርነው ነገር ሲመለስልን ጆሯችን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል፤ በተለይ ድምፁ እርግጠኛ ከሆነ።

አሁን ለእያንዳንዱ ቆርኪ የወረቀት ስትሪፕ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ቁራጭ) አለን። ትእዛዙን ስንሰጥ እንጽፋለን፣ ሪድባኩን ስንሰማ እስክሪብቶውን በየቃሉ ላይ እናስኬዳለን። «ሆልድ ሾርት» በጆሮ ካልተሰማ ምልክት አይደረግበትም፣ ትእዛዙ እንደገና ይነገራል። ሥራው ይዘገያል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘንም ባይ ነኝ።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ቴኔሪፍን (ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ የተጋጩበት አደጋ፣ 1977 እ.ኤ.አ.፣ 583 ሟቾች) አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሻ ፈቃድና ፈቃዱን ለመሰረዝ ብቻ የቀረው፣ በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» የምንለው ከእሱ ወዲህ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሚላኑ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጉም በሸፈነው ጠዋት አንዲት ትንሽ ጄት በሮሚዮ 5 ታክሲዌይ እንድትሄድ ታዘዘች። አብራሪው «ሮሚዮ 5» ብሎ ደገመ፣ የገቡት ግን በሮሚዮ 6 ነው። ቆይተው ሲየራ 4 አጠገብ መሆናቸውን ተናገሩ። ተቆጣጣሪው ያን ምልክት አያውቀውም ነበር፤ ንግግሩ ቀጠለ። የመሬት ራዳሩም አገልግሎት ላይ አልነበረም። ጄቷ ማኮብኮቢያው ላይ ሊነሳ ከሚንደረደር የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨች፣ 118 ሰው አለቀ።

ስለዚህ አሁን ከካርታችን ጋር የማይገጥም ቦታ ከተጠራ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ቆርኪው ባለበት ይቆያል፣ «ሴይ ፖዚሽን» (ያለህበትን ቦታ ተናገር) ይባላል፣ ቦታው ካርቶኑ ላይ በጣት እስኪነካ ማንም አይንቀሳቀስም። አሁን ልጆቹ ሳይነገራቸው ያደርጉታል፣ በጣም ደስ ይለኛል።

ቀጥለን ተመሳሳይ የጥሪ ስም ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖችን እናስገባለን። መስኮቱንም እንከፍተዋለን፤ የባጃጁ ጫጫታ የሬዲዮ ረብሻ ይሆንልናል። ጎንደርም አዲስ አበባም ሆናችሁ የምትለማመዱ፣ ስትሪፓችሁ ላይ የጥሪ ስም መመሳሰልን በምን እንደምታመለክቱ ጻፉልን። እኛ በቀይ እስክሪብቶ ልንጀምር ነው።