ኪራዩን ማን ነው የሚከፍለው? ስለ ታይላንድ ቢኤል ድራማዎች

አንድ መመዘኛ አለችኝ። የታይላንድ ቢኤል ድራማ ስጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች የማየው ይቺን ጥያቄ ይዤ ነው። እነዚህ ልጆች የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ ማን ነው የሚከፍለው? መልስ ካለው እቀጥላለሁ። መልስ ከሌለው ብዙ ጊዜ ታሪኩም የለም።

ለማያውቅ ሰው፣ ቢኤል ማለት ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የፍቅር ድራማ ነው። አመጣጡ ከጃፓን ኮሚክስ ነው፣ ታይላንዶች ግን ቴሌቪዥን ላይ አውጥተው ትልቅ እንጀራ አደረጉት። እዚህ ሀዋሳም የምናይ አለን። ብዙ ነን ብዬ አልዋሽም፣ ግን አለን። ከቴሌግራም እናወርዳለን፣ ወይ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተን ዩቲዩብ ላይ እናያለን። ብዙዎቹን ድራማዎች የሚሠራው ጂኤምኤምቲቪ የሚባለው ድርጅት አንዱን ክፍል አራት ቦታ ቆርጦ ነው የሚጭነው፣ አራተኛው ላይ ስትደርሱ መብራት ይጠፋል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ሰብታይትል፣ ሁሉም በጆሮ ማዳመጫ። ስሜን ለምን እንደማልጽፍ እዚህ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሕጉ ምን እንደሚል ይታወቃል፣ የሃይማኖት አባቶችም የሚሉት ይታወቃል። እኔ በዛ ጉዳይ ልከራከር አልመጣሁም። ስለ ድራማ ላወራ ነው፣ በተለይ ስለ መጥፎ ድራማ፣ ምክንያቱም እሱን በብዛት አይቻለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው የጀመረው በሶተስ ነው። የወጣው 2016 ላይ ነው፣ እኛ ጋ ቃና ተከፍቶ አክስቶቻችን የቱርክ ድራማ በአማርኛ መስማት የጀመሩበት ዓመት። ታሪኩ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ናቸው። አርቲት የሚባለው ሲኒየር ፍሬሾቹን ሰብስቦ ይጮህባቸዋል፣ ያስሮጣቸዋል፣ ይቀጣቸዋል። ኮንግፖብ የሚባለው ፍሬሽ ደግሞ አልገዛም ይላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሲኒየር ፍሬሽን ቢበዛ ካፌ ሲጠይቀው ላይብረሪ ይልከዋል፣ ሁሉም ይስቃል፣ አለቀ። እነሱ ጋ ግን ሥርዓት ነው፣ ስምም አለው፣ የድራማው ርዕስ ራሱ የዛ ሥርዓት መጠሪያ ነው። እውነት ለመናገር ሶተስ ያን ጉዳይ ሲነካ ጎበዝ ነው። ለምንድን ነው ቀድሞ ስለገባ ብቻ የሚጮህብኝ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዛ ግን ሁለቱ ይዋደዳሉ፣ ጥያቄውም እዛው ይቀራል።

የሶተስ ትልቁ ጥፋት ግን ሶተስ ራሱ አይደለም፣ ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ታይላንድ ውስጥ ከኢንጂነሪንግ ሌላ የሚማር ወንድ የለም እንዴ? ካልሆነ ሜዲሲን ነው። አንድም ቀን ካልኩሌተር ሲነኩ አላየሁም። ሁሉም ኮንዶ አላቸው፣ ሰፊ፣ ነጭ መጋረጃ ያለው፣ ሶፋው አዲስ፣ ፍሪጁ ሙሉ። እኔ አቶቴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ይሄን የማየው፣ አከራዬ ውኃ ስንት ባልዲ እንደቀዳሁ ትቆጥራለች፣ እና አንድ የ2ኛ ዓመት ተማሪ መኪናውን አቁሞ በሊፍት ወደ ኮንዶው ሲወጣ ሐዘኑ አይገባኝም። በዛ ላይ አንዱ ዝናብ ይመታዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ሌላው ፎጣ ነክሮ ደረቱን ይጠርግለታል። ሁልጊዜ! በታይላንድ ቢኤል ዝናብ ማለት ፎጣ ማለት ነው። መሐል ላይ ደግሞ ዝም ብሎ የነበረው ልጅ ድንገት የፊት ክሬም አውጥቶ ስለ ክሬሙ ሁለት ደቂቃ ያወራል፣ ጓደኛው ቺፕስ እየበላ ፓኬቱን ወደ ካሜራ ያዞራል። ማስታወቂያ መሆኑ ይገባኛል፣ ገንዘቡ ከዛ ነው የሚመጣው። ግን ቢያንስ እያለቀሰ ያለ ሰው ላይ አታድርጉት።

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነው። ጨጓራዬን የሚልጠው ሌላ ነው። «እኔ ወንድ አልወድም፣ አንተን ብቻ ነው የምወደው» የምትለዋ ንግግር በየድራማው አለች፣ ሌሎቹ ወንድ የሚወዱ ወንዶች ሁሉ የሚያሳፍሩ ይመስል። አንዱን «ሚስት» ብሎ መጥራትም አለ፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ድል። ሴት ሆኜ ስሰማው ደሜ ይፈላል። ሚስት መሆን መሸነፍ ነው ወይ? ሴቶቹ ራሳቸው እኮ በነዚህ ድራማዎች ውስጥ ወይ ቀናተኛ የድሮ ፍቅረኛ ናቸው፣ ወይ ጥግ ቆመው ፎቶ እያነሱ የሚጮሁ ናቸው። የሚጮሁት እኛ ነን መሰለኝ፣ ተመልካቾቹ።

ታርንታይፕን (2019) ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔ ግን አልችልም። ታይፕ በልጅነቱ የተደፈረ ልጅ ነው፣ በዛ ምክንያት ወንድ የሚወዱ ወንዶችን ይጠላል። ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ በደንብ ቢሠራ ልብ ይሰብር ነበር። ድራማው ግን አብሮት የሚኖረው ታርን ታይፕን ሳያስፈቅድ እንዲነካው ያደርግና እንደ ፍቅር መጀመሪያ ይቆጥረዋል። «ቆንጆ ስለሆነ ምንም አይደል» የሚል ድራማ እዚህም እዛም ሞልቷል፣ የቱርኮቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም። እኔ ግን ሰው እንቢ ካለ እንቢ ነው። ሙዚቃ ቢጨመርበትም።

ኪንፖርሽን (2022) የምትወዱ አትቆጡኝ። ሲጀምር እኮ በእኔ መመዘኛ አንደኛ ነበር። ፖርሽ ባር ውስጥ ይሠራል፣ ታናሽ ወንድሙን ያሳድጋል፣ አጎቱ ዕዳ ውስጥ ከቷቸዋል፣ ቤታቸው ሊሄድ ነው። ከዛ የማፍያ ጠባቂ ይሆንና ሱፍ፣ ሽጉጥ፣ ገንዳ፣ ሻምፓኝ ምናምን ይሆናል። ሽጉጥ የያዘ ሰው ደግሞ ኪራይ አይጠየቅም። ቀረጻው ቆንጆ ነው፣ አልክድም።

አሁን ወደምወዳቸው።

ኤ ቴል ኦፍ ታውዘንድ ስታርስ (2021) ስለ ቲያን ነው፣ የሀብታም ልጅ፣ ልቡ ታሞ የሌላ ሰው ልብ የተተከለለት። ልቡ የአንዲት በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ እንደነበር ሲያውቅ እሷ ታስተምርበት ወደነበረው ተራራማ መንደር ይሄዳል። እዛ ፉፋ የሚባል የጫካ ጠባቂዎች አለቃ አለ። ፍቅሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እኔን የያዘኝ ግን ሻዩ ነው። የመንደሩ ሰዎች ሻይ ቅጠል ለቅመው ይሸጣሉ፣ ገዢው ያታልላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ሒሳቡን ስለማያውቁ ዝም ይላሉ። ሲዳማ ውስጥ ቡና ያለው ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ሲያይ ሰብታይትል አያስፈልገውም። ሚዛን ላይ የሚሠራውን ሁላችንም ሰምተናል። ቲያን ለልጆቹ ሒሳብ ሲያስተምር ለእኔ ከመሳሙ ሁሉ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት እሱ ነው።

አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ (2020) ፉኬት ላይ ነው የተቀረጸው። ክፍሎቹ አምስት ብቻ ናቸው፣ አንድም ትርፍ ደቂቃ የለውም። ቴህ እናቱ ኑድል ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ነው። ኦህ ሪዞርት ካለው ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቻይንኛ ያጠናሉ። ቴህ ያልፋል፣ ከዛ ለኦህ ብሎ ያገኘውን ቦታ ይተዋል። ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ፍቅር!» ሲል እኔ ስለ እናቱ ነበር የማስበው። በኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 3.3 ብቻ ያለፈበት አገር ሰው ነኝ። ቤታችን ውስጥ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ለጓደኛዬ ብዬ ተውኩት» ቢል ሽማግሌ አይበቃውም፣ ጠበል ነው የሚወስዱት። ድራማውም እናትየውን አይረሳትም፣ ለዛ ነው የምወደው። ያደረገው ነገር ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም።

ባድ በዲ ጋ ስመጣ ግን መመዘኛዬን ራሱ እረሳለሁ። ከ2021 መጨረሻ እስከ 2022 መጀመሪያ የተላለፈ ነው፣ ዳይሬክተሩ አኦፍ ኖፓርናች፣ ከላይ ያለውን የሻዩን ድራማ የሠራው ሰው። ፓትና ፕራን ጎረቤት ናቸው፣ ወላጆቻቸው ደመኛ። አንዱ ኢንጂነሪንግ ነው (እንግዲህ ምን ይደረግ)፣ ሌላው አርክቴክቸር። የጠቡ ሥር ኋላ ላይ ሲወጣ የፓት አባት በወጣትነቱ የፕራንን እናት ስኮላርሺፕ ያሳጣበት የድሮ በደል ነው። ሌላ ድራማ ቢሆን 12ኛው ክፍል ላይ ወላጆቹ ተቃቅፈው ያለቅሱና ይመርቋቸዋል። ባድ በዲ እንደዛ አላደረገም። ዓመታት ያልፋሉ፣ ልጆቹ አብረው ናቸው፣ ወላጆቹ ፊት ግን እንደተለያዩ ሆነው ይኖራሉ። ወላጆቹም ገብቷቸዋል። ግን አይጠይቁም። ፈረንጆቹ ተመልካቾች «ለምን በግልጽ አይነጋገሩም?» ብለው ተናደዱ። እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር፣ ምክንያቱም ይሄ እኮ የኛ ቤት ነው! እያወቁ አላወቁም ማለት ቤተሰብን አንድ ላይ የሚያቆየው ስንቱ ቤት ነው? ይሉኝታን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ የአበሻ ድራማ ገና አላየሁም።

አክስቴ አንድ ማታ ቡናዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታይ ነበር።

«እነዚህ ወንድማማች ናቸው?»

«አይ፣ ጓደኛሞች ናቸው።»

ትንሽ ዝም ብላ አየች። «ጓደኛ እንዲህ ነው» አለች፣ ከዛ «ያኛው ግን ቀጥኗል፣ አይበላም እንዴ?» ብላ ተነስታ ሄደች። ምን እንደገባት እስካሁን አላውቅም፣ አልጠይቅምም።

በነገራችን ላይ እዚህ ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ብትሄዱ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትከሻ ላይ ተደጋግፈው ዓሣ ሲበሉ ታያላችሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። በድራማዎቹ ደግሞ ጣት ለጣት ሲነካካ ሰዓቱ ይቆማል፣ ሙዚቃው ይገባል፣ ያው መነካካት በሦስት አቅጣጫ ይደገማል። መጀመሪያ ሳይ ኔትወርኩ ነው የተያዘው ብዬ ነበር።

ሙንላይት ቺክን (2023) በእኔ ዘንድ ከሁሉም በላይ ነው። ዳይሬክተሩ አሁንም ያው አኦፍ ነው። ጂም ፓታያ ውስጥ ሌሊት ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ ሰው ነው። ዶሮው ይቀቀላል፣ ሩዙ በመረቁ ይበስላል፣ ላዩ ላይ ሶስ። ወጣት አይደለም፣ ገንዘብ ያስጨንቀዋል፣ የሞተ ፍቅረኛውን ጉዳይ ገና አልጨረሰም፣ የእህቱን ልጅ ሊ ሚንግን ያሳድጋል። ሁሉም ሰው ይሠራል! ጋይፓ ከእናቱ ጋር ዶሮ ይሸጣል፣ ጂምን ይወደዋል፣ ጂም አያየውም፣ እናትየዋ ግን ታየዋለች። ሊ ሚንግ ደግሞ ቤት ተዘግቶበት ከሚውል፣ መስማት ከተሳነው ከሃርት ጋር ለማውራት የምልክት ቋንቋ ይማራል። ጓደኛዬ «ደባሪ ነው፣ ምንም አይፈጠርም» ትላለች። እኔ ደግሞ ሱቅ ሲዘጋና ወንበር ሲገለበጥ ማየት ራሱ ነገር ነው እላታለሁ። አንስማማም፣ አሁንም እንጨቃጨቃለን።

አገራቸው ላይም ነገሮች ተለውጠዋል። ለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚፈቅደው የታይላንድ ሕግ 2024 ላይ ጸድቆ ጃንዋሪ 23፣ 2025፣ በኛ ጥር 15፣ 2017 ሥራ ላይ ዋለ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያዋ ናት። ድራማዎቹ አመጡት የሚል ሰው አለ፣ እኔ ግን በየመንገዱ ሲሰለፉ የነበሩትን ሰዎች ልፋት ለቆንጆ ተዋናይ አልሰጥም። አብዛኞቹ ድራማዎች «ሕግ» የሚለውን ቃል እንኳ ሳያነሱ ነው ያለቁት። ኖት ሚ (2021) ሰልፉንና የቀስተ ደመና ባንዲራውን በግልጽ ስላሳየ እሱን አከብረዋለሁ።

የመጨረሻ ቅሬታዬ ኩባንያዎቹ ላይ ነው። ሁለት ልጆችን ያጣምራሉ፣ ድራማው ካለቀ በኋላም ኮንሰርት ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ፣ ፋን ሚቲንግ ላይ እንደተዋደዱ ሆነው ይሸጧቸዋል። አንዱ ከሴት ጓደኛው ጋር ከታየ ፋኑ ሰማይ ተደፋብኝ ይላል። ቱጌዘር የሚባለው ድራማ ተዋናይ ብራይት በ2020 ሆንግ ኮንግን እንደ አገር የጠቀሰ ፎቶ ላይክ አደረገ ተብሎ የቻይናና የታይላንድ ኢንተርኔት ጦርነት ገባ፣ የሴት ጓደኛውም የድሮ ጽሑፍ ተቆፍሮ ወጣ፣ ታይዋንና ሆንግ ኮንግም ከታይላንድ ጎን ተሰለፉ፣ ሚልክ ቲ አሊያንስ የሚባለው የኢንተርኔት ኅብረት ከዛ ነው የተወለደው። ለአንድ ላይክ! የሚሠሩትን ትወና ወድጄ አያለሁ፣ ማታ ከማን ጋር እራት እንደሚበሉ ግን አይመለከተኝም።

መጀመር ለሚፈልግ፣ ሙንላይት ቺክን 8 ክፍል ብቻ ነው፣ ሲርባችሁ ግን አትክፈቱት። ቀጥሎ ባድ በዲ፣ ከዛ ሻዩ። ሶተስን ለታሪክ ያህል ካልሆነ ዝለሉት። ስድብ የጻፈ አጠፋዋለሁ፣ ስለ ሶተስ ልትከራከሩኝ የምትፈልጉ ግን ኑ፣ የሌሊት ፓኬጄ እስኪያልቅ አለሁ።