ባሌስትራ በሎስ አንጀለስ

ሰሞኑን ጎንደር ያሉ የሙያ ባልንጀሮቼ የሚልኩልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «አሜሪካ እኮ መኪና የሚያቃናው ማሽን ነው፤ አንተ ቁልፍ ከመጫን በቀር ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። አንደኛው ጭራሽ «የማትፈልጉት ማሽን ካለ በሰው ላክልን» ብሎኛል፤ እንደ አሮጌ ስልክ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሳይመስለው አልቀረም።

እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጎዳ የመኪና ቦዲ ቀጥቅጬ የማቃና። ሙያውን የተማርሁት ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች የቆርቆሮ ጋራዥ ሲሆን፣ ያስተማሩኝ ጋሼ መሣሪያ ከሱቅ ሲገዙ አይቼ አላውቅም። ከወዳደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ሞላ ብረት፣ ክንድ የሚያህል ቆርጠው አንዱን ጫፍ እጀታ፣ ሌላውን የላሜራ መምቻ ያደርጉታል። ከልክ በላይ የጋለ ባሌስትራ ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ ግራይንደሩ እንዳያግለው በየመካከሉ ውኃ ውስጥ እየተነከረ ይቆረጣል። ጠርዞቹ ከተሞረዱ በኋላ ፊቱ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ልስልሱ የብርጭቆ ወረቀት እየተፈተገ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይለሰልሳል፤ መምቻው ላይ የቀረች ጭረት በእያንዳንዱ ምት ላሜራው ላይ ትታተማለችና። ላሜራ የምናጎደጉደው ጉድጓድ በተፈለፈለበት የወይራ ግንድና ጫማ ሰፊ በሰፋልን፣ የተነፋ የአንገረብ አሸዋ በሞላነው የበሬ ቆዳ ከረጢት ላይ ነበር።

ከሁሉ የምንኮራበት ግን «ኢንግሊሽ ዊል» ተብሎ በእንግሊዞች ስም የሚጠራው የላሜራ ማንከባለያ ነበር። ክፈፉ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ የላይኛው ጎማ ትልቅ የኩሽኔታ ቀለበት፣ የታችኛው ደግሞ ቶርኖ ቤት ሆዱ በትንሹ እንዲነፋ ሆኖ የተቀረጸ ብረት ሲሆን፣ ከሥር በአሮጌ ክሪክ እየተገፋ ይጠብቃል። ላሜራው በሁለቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በጥቂቱ እየሳሳ ይሰፋል፤ የሚሄድበት ስላጣም ሆዱን ነፍቶ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን የፓራፋንጎ ቅርጽ ይይዛል። ክፈፉ ከላላ ጎማዎቹ ይዛነፋሉ፤ ስለዚህ ጋሼ ሻንሲውን በሻንሲ ደርበው አስበይደውት ነበር።

ሎስ አንጀለስ እንደ ደረስሁ የአገር ልጆች በግጭት የተጎዱ መኪኖች የሚጠገኑበት አንድ ትልቅ ጋራዥ አስገቡኝ። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «መሣሪያህ የት አለ?» የሚል ነበር። እዚህ አገር አብዛኛው የጋራዥ ሠራተኛ መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በራሱ ሣጥን ይዞ እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም። ጎንደር መሣሪያው የጋራዡ ነው፤ ሠራተኛው ይዞት የሚመጣው ምሳውን ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከበርበሬውና ከድርቆሹ ሥር ያመጣሁት የባሌስትራ መምቻ ስለነበረኝ በማግስቱ እርሱን ይዤ ቀረብሁ።

አለቃው መምቻውን የሞተ አይጥ እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቱ አነሣው። ለሌሎቹ አሳያቸው፤ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ለማንም ምንም ሳይል የተሰበሩ ፓራውልቶች ወደሚከማቹበት የቁርጥራጭ በርሜል ወረወረው። ቋንቋው ገና ስላልገባኝ ምን ብሎ እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የተሰደብሁትን ስድብ እንኳ በውል አላውቀውም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እስከ ትከሻዬ በርሜሉ ውስጥ ገብቼ አወጣሁት።

መሣሪያ የሚሸጥበት መኪና በየሳምንቱ ጋራዡ ድረስ እየመጣ በዱቤ ያድላል። ደመወዜ ገና እጄ ሳይገባ ለመዶሻና ለሣጥን ባለዕዳ ሆንሁ። ክፍያውም በሰዓት ይባላል እንጂ በግምት ሰዓት ነው፤ ለሥራው ሦስት ሰዓት ከተገመተለት ቀኑን ሙሉ ብትደክምበትም የምታገኘው የሦስቱን ብቻ ነው። አንድ ቀን የተጨማደደ ፓራፋንጎ ጠብታ ስቱኮ ሳልነካ በመዳፌ እየዳሰስሁ አቃንቼ፣ የተለጠጠውን ቦታ በእሳት አቅልቼና በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዤ ወደ ልኩ መለስሁት። አለቃው ሰዓቱን አየና አዲስ ፓራፋንጎ ከካርቶን አወጣ፤ ኢንሹራንሱ የከፈለው ለአዲሱ ነበር። ያቃናሁት የት እንደ ገባ መገመት አይቸግራችሁም።

ነገሩ የተገለበጠው አሮጌ መኪኖችን በልዩ ትዕዛዝ ከሚያሳምር ሌላ ጋራዥ ስገባ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ መምቻዬን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ፊቱን ዳሰሰና ማን እንደ ሠራው ጠየቀኝ፤ ከዚያም የራሱን አመጣ። የእርሱም ከባሌስትራ የተሠራ ነበር፤ የእኔ ይበልጥ ያበራል። ግንዱም፣ የአሸዋ ከረጢቱም፣ በገዛ እጁ የበየደው ማንከባለያም እዚያው ቆመዋል። ቅዳሜና እሑድ ሐኪምና ጠበቃ እየመጣ፣ ጋሼ በጥፊ ጭምር በነጻ ያስተማሩኝን፣ ግንድ ላይ ላሜራ መቀጥቀጥን፣ ከፍሎ ይማራል።

እነዚህ ሰዎችም ጉድ ናቸው። የ1949 መርኩሪ አምጥተው፣ ጣሪያዋን ከምሰሶዎቿ ቆርጠን ዝቅ አድርገን እንድንበይድላቸው ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ጨርሰን ስናስረክባቸው በመስኮቱ አጎንብሰው እያዩ ይነዳሉ። እኔ ያደግሁት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንበር እንዴት እንደሚጨመር ሲታሰብ በሚታደርበት ከተማ ነው።

ሙያተኛን በመናቅ ግን እኛም ብንሆን ከዚያ አለቃ አንሻልም። ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞች የሠሩትን ማረሻ እየገዛን፣ «ቡዳ» ብለን ልጃችንን አንድርላቸውም ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም፣ አዋጁ እኛ ሰፈር ገና የደረሰ አይመስለኝም። እኔ ጋራዥ በገባሁ ጊዜ አንዲት የእናቴ ወዳጅ «እንግዲህ ልጅሽ ቀጥቃጭ ሆኖ ቀረ?» ብለው ለቅሶ የሚደርሱ ያህል አጽናንተዋታል። አሁን እኒሁ እናት ልጃቸውን ወደ እኔ እንድወስድላቸው ያስጠይቁኛል።

ልትመጡ የምታስቡ የሙያ ወንድሞቼ፣ ለትኬት ብላችሁ ማንከባለያችሁን አትሽጡ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት መቀጥቀጡ አይቀርም፤ ጥሩ ባትላሜራም ሥራ አያጣም። መምጣቱ ከተቆረጠ ግን የሠራችሁበትን ዘመን የሚመሰክር ደብዳቤ ከጋራዣችሁ በማኅተም ያዙ፤ ኤ.ኤስ.ኢ. የሚባለው የብቃት ምስክር ከፈተናው ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃልና። በኢንች መለካትን እዚያው ተለማመዱ። አሉሚኒየምም ተማሩ፤ ፎርድ ኤፍ 150 እንኳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ሆኗል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ድንገት ይፈስሳል። ብረት የተመታበት መዶሻም ካልተጸዳ አሉሚኒየሙ ላይ የብረት ብናኝ ትቶ ያስበላዋል፤ ስለዚህ ለየብቻ የሚቀመጥ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ያም ሌላ ዱቤ ነው።

ማሽን ላክልን ላለኝ ወንድሜም መልሴ ይኸው ነው፤ የእኛ ሽማግሌ የበየደው ማንከባለያ ከጋሼ ሻንሲ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ስለሆነ የምልከው የለኝም። ለሻንጣችሁ የምትፈልጉት አንድ በደንብ የተወለወለ የባሌስትራ መምቻ ነው፤ እርሱንም በእጃችሁ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፤ እዚህ አገር ከ7 ኢንች የረዘመ መሣሪያ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት ስለማይፈቀድ፣ ከበርበሬው ጋር ወደሚጫነው ሻንጣ አስገቡት።