ከክላፕተን ለጅማ ክረምት የሚቀዳው ነገር

ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 እ.ኤ.አ. ዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ የያዘው ጊታር፣ ሌላው የሮክ ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ» ያለው፣ የዴቪድ ጊልሞር ጥቁሩ ጊታር፣ ሁሉም ጊታር ሠሪው ፌንደር ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቶካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ድምፃቸው ግን ለየቅል ነው። ሄንድሪክስ ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ክሩን እንደገና ሰደረው። ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) ጋ ያለው ሰያፍ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) አብሮ ስለሚገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ጠራ፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ለስለስ ይላሉ። ጊታር ተጫዋቹ ማርክ ኖፕፍለር ያለ ፒክ (ክር መምቻ)፣ በጣቱ ነው የሚጫወተው፤ ክራር የለመደ እጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል።

እርጥበቱ ክር በሚያዝግበት የጅማ ክረምት ለሚጫወት ሰው ግን ከሁሉም የሚጠቅመው የክላፕተን ዘዴ ነው። ትሬሞሎውን (ብሪጁን እያወዛወዘ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ) ስለማይጠቀምበት አምስት ሞላ አስገብቶ በእንጨት አስቆልፎታል።

ጥቅሙ እንዲህ ነው። ከ10 እስከ 46 የሚባለው (ውፍረቱ በኢንች ሺኛ) የክር ስብስብ ሲቃኝ ብሪጁን ከ45 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስባል፤ ከኋላ ያሉት ሞላዎች ደግሞ ወደ ሌላው ይስባሉ። ብሪጁ አካሉ ላይ ሳይለጠፍ ተንሳፍፎ ከሆነ ሠርግ ላይ አንድ ክር ስትበጠስ ሞላዎቹ ያሸንፉና የቀሩት አምስቱም ቅኝታቸው ወደ ላይ ይወጣል። ተጫዋቹ ዘፈኑን መጨረስ አይችልም። የተቆለፈ ብሪጅ ላይ ግን የተበጠሰችው ብቻ ትጎድላለች።

አሠራሩ፦ የጀርባውን ክዳን ፍቱ፤ ሞላው ሦስት ከሆነ አምስት አድርጉት። ክሩን በትክክል ቃኙ። ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ፣ በየመሃሉ እየቃኛችሁ ሂዱ፤ ብሪጁ አካሉ ላይ ልጥፍ ሲል አቁሙ። ከዚያ ከብሪጁ ሥር ሞላዎቹ ከተያያዙበት የብረት ጉማጅ በስተኋላ፣ በቀበቶ ማሰሪያው በኩል ባለው ክፍተት ልክ የተላገ እንጨት አስገቡ። አናጢ ቤት የወዳደቀ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃል፤ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸብና ይላላል። መዶሻ አያስፈልግም፤ በአውራ ጣት ግፊት የማይገባ ከሆነ ወፍሯልና እንደገና ላጉት።

ብሪጁ ዝቅ ስላለ ክሩም አብሮ ይወርዳል። 17ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ከክሩ ጋር 1.6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እስኪኖር ኮርቻዎቹን (ክሮቹ ብሪጁ ላይ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች) ከፍ አድርጉ። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ የምታገኙትን ድምፅ እዚያው ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ከምታወጡት ጋር አስተያዩ፤ የተጫናችሁት ከፍ ካለ ኮርቻውን ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት።

የክረምቱ እርጥበት አንገቱንም ይነካል። አንደኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ 8ኛው ላይ ክፍተቱ ከ0.25 ሚሊሜትር ብዙ ከበለጠ የአንገቱን ዘንግ (ውስጡ ያለውን የማስተካከያ ብረት) ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁና አንድ ቀን አሳድሩት። ሲቃኝ ጢቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ክሩ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበት ቁራጭ) ላይ ተይዟል ማለት ነው፤ ቦዩ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቀቡ። ከተጫወታችሁ በኋላ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከሥር ነው።