በእንቅርት ኦፕራሲዮን ድምፅ የሚጎዳው እንዴት ነው?

ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ ድምፁ የሰለለ ሰው ሲታይ «ነርቩን ቆረጡበት» ይባላል። የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነርቩ የተጎዳው ተጎትቶ ነው፤ የተጎተተ ነርቭ ደግሞ ለዓይን ጤነኛ ስለሚመስል ሐኪሙ ምንም ሳይጠረጥር ሰፍቶ ሊጨርስ ይችላል።

የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ሪከረንት የሚባለው ነርቭ ነው፤ ተመላሽ ማለት ነው። ከአንጎል ከሚወርደው ቬገስ ነርቭ ይገነጠልና በግራ ከልብ የሚወጣውን ትልቅ የደም ሥር የአኦርታን ቅስት፣ በቀኝ ወደ ክንድ የሚሄደውን ሰብክላቪያን አርተሪ (አርተሪ ከልብ ደም የሚወስድ የደም ሥር ነው) በሥሩ ዞሮ አውታሮቹ ወዳሉበት ማንቁርት ይወጣል። ነጭ ክር ይመስላል፤ ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት በላዩ ላይ ፀጉር የምታህል ቀይ የደም ሥር ተጋድማበታለች። ብዙ ጊዜ ከአርተሪ የምትለየው እሷ ናት።

ይህን ነርቭ «እንዳልነካው ልራቀው» የሚለው አሠራር አያዋጣም። ተፈልጎ መታየት አለበት፤ መንገዱ ከሰው ሰው ይለያያልና። ለታይሮይድ እጢ፣ ማለትም አብጦ እንቅርት ለሚሆነው እጢ፣ ደም የሚያደርሰውን የታችኛውን የታይሮይድ አርተሪ አንዳንዱ ላይ ከኋላ፣ አንዳንዱ ላይ ከፊት ያልፋል፤ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚሾልክበትም አለ። ስለዚህ አርተሪውን ከግንዱ ሳይሆን እጢው ጥግ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ማሰር ይሻላል።

ብዙ ሰው ላይ ደግሞ ማንቁርት ከመግባቱ በፊት ለሁለት ይከፈላል። አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው የፊተኛው ቅርንጫፍ ነው። የኋለኛውን አግኝቶ «ነርቩን አየሁት» ያለ ሐኪም የፊተኛውን እንደ ተራ ክር ሊቆርጠው ይችላል። የተገኘው ነርቭ ከቀጠነ ሌላ ቅርንጫፍ መፈለግ ያስፈልጋል።

በጣም የሚያሳስበው ግን የማይመለሰው ነርቭ ነው። ከ100 ሰው አንዱ ላይ እንኳ አይገኝም፤ ሲገኝም በቀኝ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ቀኙ ሰብክላቪያን አርተሪ በፅንስ ጊዜ ቦታውን ስቶ ከአኦርታ ቅስት መጨረሻ ከበቀለ፣ ነርቩ የሚዞርበት ነገር ያጣና አንገት ላይ ከቬገስ በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይሻገራል። አግድም ስለሚያልፍ አርተሪ ነው ተብሎ ይታሰራል። በቀኝ በኩል ነርቩ በቦታው ካልተገኘ፣ ከካሮቲድ፣ ከአንገት ትልቁ አርተሪ፣ ወደ ማንቁርት የሚሻገር ማንኛውም ነጭ ነገር አይቆረጥ። ቀድሞ ሲቲ ስካን ከተነሳ የአርተሪው መንገድ ይታያል።

አደጋው የሚበዛው ነርቩ ማንቁርት ሊገባ 2 ሴንቲሜትር ሲቀረው ነው። እዚያ ቤሪ የሚባለው ጅማት እጢውን ከአየር ቧንቧ ጋር አጣብቆታል። እጢው ወደ መሐል ሲሳብ ጅማቱ ነርቩን ይዞት ይነሳል፣ ያጥፈዋል። ቦታው ደም ቢፈስስ በጋዝ ጨርቅ ለደቂቃዎች መጫን ነው፤ በጭፍን መቆንጠጥም ማቃጠልም ነርቩን ይገድላል።

ነርቩ መሥራቱን በኤሌክትሪክ የሚከታተል የነርቭ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ካለ፣ ነርቩ በ1 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ተነክቶ የጡንቻው ምላሽ ከ100 ማይክሮቮልት በታች ከወረደ ማቆምና ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። በመጀመሪያው ጎን ምልክቱ ጠፍቶ ካልተመለሰ ሌላውን ጎን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። ሁለቱም ቢጎዱ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ድምፁ ደህና መስሎ ትንፋሹ ይዘጋል፣ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ እስከ መክፈት ያደርሳል።

ከሪከረንት ሌላ በእጢው ላይኛ ጫፍ አጠገብ የሚያልፍ ነርቭም አለ፤ ይህ የላይኛው ማንቁርት ነርቭ ውጫዊ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሲጎዳ አውታሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅ ግን ከፍ አይልም፤ ቶሎም ይደክማል። ለዘማሪ፣ ለአስተማሪ፣ ለሙአዚን ከባድ ጉዳት ነው። እንቅርቱ ትልቅ ሲሆን የእጢው ላይኛ ጫፍ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነርቩ ይበልጥ ይጠጋዋል፤ የደም ሥሮቹ በአንድ ላይ ሳይሆን እጢው ላይ አንድ በአንድ ይታሰሩ።

አውታሮቹ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም በላሪንጎስኮፕ፣ ማለትም በማንቁርት ማያ መሣሪያ፣ ይታዩ። ከሰመመን ቱቦ የመጣ መጎርነን በአብዛኛው በቀናት ይሻላል። የተጎተተ ነርቭ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም 6 ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ውሃ ትን የሚለው ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።